በእምነት የተቀበልነው ዶክትሬት

እሑድ፣ ኦገስት 31

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ላብራቶሪ ውስጥ ብረሳው ማንም እንዳያነበው ነው። ቤት ብረሳው ግን እማዬ ከሽፋን እስከ ሽፋን ታነበዋለች። ስለዚህ ቤት አልረሳውም።

ዛሬ ለማመልከት ቆረጥኩ። እዚህ ኖርዌይ ፎሽከርሊንዬ ይሉታል። የሕክምና ተማሪ ሆነሽ ሳለ አንድ ዓመት ትምህርቱን አቁመሽ ምርምር ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስኬጃለሽ፣ ስትጨርሺ ሐኪም ነሽ፣ የምርምር ዶክትሬቱም ደጅሽ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። ችግሩ የሚፈልገው ብዙ፣ የሚገባው ጥቂት መሆኑ ነው።

ዕድሌን በጥሞና መዘንኩት። ውጤቴ መካከለኛ ነው። ኖርዌጂያንኛዬ ጥሩ ነው፤ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የመጣሁት፤ ሲጨንቀኝ ብቻ ይጠፋብኛል። ፕሮፌሰር የሆነ ዘመድ የለኝም። ያለኝ ትልቅ ሀብት ትህትና ነው፤ እሱ ደግሞ ማመልከቻው ላይ የት እንደሚሞላ አልታየኝም። ሃያ በመቶ ብዬ ዘጋሁት።

ለእማዬ አልነግራትም። ለእማዬ መንገር ለቤተክርስቲያን መንገር ነው፤ ለቤተክርስቲያን መንገር ለአውሮፓ በሙሉ መንገር ነው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

ለእማዬ ነገርኳት።

ምን ላድርግ! "ምን ሆነሽ ነው ምግቡን እንደ ዶሮ የምትለቃቅሚው?" እያለች ስታፈጥብኝ አመለጠኝ።

"ሁለት ጊዜ ዶክተር?" አለች።

"ናይ፣ አይደለም እማዬ፣ አንዱ ሐኪምነት ነው፣ ሌላው ደግሞ የምርምር…"

"ሁለት ጊዜ" አለችና ስልኳን አነሳች።

"እማዬ፣ ገና ማመልከቻ እንኳን አላስገባሁም!"

"አንቺ ማመልከቻሽን አስገቢ፣ ሌላውን ለእኛ ተይው።"

ከሲከየም፣ ከአረጋውያን መጦሪያው፣ ሰው ስታገላብጥ ውላ ስትመጣ ወገቧ አይታዘዝላትም፤ ዛሬ ግን ስልክ ይዛ ከሳሎን ማድ ቤት ስትመላለስ ለጉድ ነበር። መላው ሰፈራችን ፕሪንስዳል ሳይሰማት አልቀረም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

የምናመልክበት አዳራሽ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የትምህርት ቤት ጂም ነው። ፓስተር ዋለልኝ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ቆመው "እህታችን በቀለች የጸሎት ርዕስ አላት" አሉ። እማዬ ተነሳች። እኔ ወንበሩ ውስጥ ብሰምጥ ደስ ባለኝ።

"ልጄ ሁለት ጊዜ ዶክተር ልትሆን ነው።"

"በእምነት ተቀብለናል!" አለ ጂሙ በሙሉ።

በቃ፣ ተቀበልን። ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው ያልሰማው።

ከዚያ ፓስተር ወጣቶቹን ወደ እኔ አዞሩና የሁልጊዜውን ምሳሌ አመጡ። "ሩቲን እዩ! ሕክምና የገባች ጊዜ እዚህ ቆማ ስትመሰክር ሰምታችኋል። 'እኔ' የምትል ቃል አንዴ እንኳን ከአፏ ወጣች? አልወጣችም!" እውነት ነው፣ ምስክርነት ላይ የሚያህለኝ የለም። እናቴን አመሰገንኩ፣ መምህራንን፣ መሪዎችን፣ መዘምራንን፣ በመኪናው ያደረሰንን ወንድም ጭምር አመሰገንኩ። ያን ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ላይ ደርቄ ማደሬን የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። እንዲህ ነው ያደግነው፤ ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

በጥድፊያ። አማካሪዬ ኢንግቪልድ ማመልከቻዬ በዓርብ ደም ላይ እንዲያተኩር ትፈልጋለች። ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም ግን ልጻፈው።

በትርፍ ጊዜዬ የምሠራበት ላብራቶሪ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ ሲጋባ ነበር። አንዳንድ ሕመምተኞች ደማቸው ውስጥ የሰውነት መቆጣት ምልክቱ ሰማይ ይነካል፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም። አዲስ የበሽታ ዓይነት ነው ተብሎ ጉባኤ ላይ ሁሉ ቀርቧል። ባለፈው ክረምት ቀኖቹን እያየሁ ሳለ ሁሉም ደማቸው የተቀዳው ዓርብ መሆኑ ታየኝ። ዓርብ የተቀዳ ደም እስከ ሰኞ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ዓርብ ከሰዓት የራሴን ደም ቀድቼ ፍሪጅ ከተትኩት። ሰኞ ሲመረመር እኔም "አዲሱ በሽታ" ይዞኛል! ጉንፋን እንኳን አልነበረብኝም፤ በሽታው ፍሪጁ ነበር።

ኢንግቪልድ ያን ቀን ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። "ሩቲ፣ አንቺ ነሽ ያገኘሽው!"

"ናይ ናይ፣ ሁላችንም ነን" አልኳት።

"ሁላችንማ ሁለት ዓመት ሳናየው ኖርን።"

ቅር አላት መሰለኝ። ፈረንጅ ትህትና አይገባውም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ግሮንላንድ ሰፈር ወዳለው የሐበሻ ሱቅ ጤፍ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቋ እትዬ ፀሐይ የኦርቶዶክስ ሰው ናት፤ ወሬው ግን ሃይማኖት አይለይም።

"ሁለት ዶክተር መሆን ለምን ያስፈልጋል? አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲያክመው ነው?"

"እንደዚያ በይው እትዬ።"

"ዕድልሽ ስንት ነው?"

"ሃያ በመቶ።"

"ኧረ በስመአብ በይ! ፊትሽን ስላየሁ ስድሳ ነው።" ከዚያ ጎንበስ ብላ "ለገብርኤል ጃንጥላ ተስያለሁ። የናንተዎቹ ከደከሙ መጠባበቂያ ይሆናል" አለችኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ማታ ስሌቴን እንደገና ሠራሁ፤ ሃያ ሦስት አደረግሁት። በጃንጥላው አይደለም። የኢንግቪልድ የድጋፍ ደብዳቤ ጥሩ ስለሚሆን ነው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

ከሽቱትጋርት ነቢይ ኃይለአብ መጡ። ጉባኤውን እያዩ ሄደው ሄደው እማዬ ጋ ቆሙ። "እናቴ፣ ነጭ ነገር አያለሁ። በነጭ ላይ ነጭ!" እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሕዝቡ እልል አለ። ፓስተር ዋለልኝ ከስብከቱ በፊት ምሳ ጋብዘዋቸው እንደነበር አውቃለሁ፣ የጸሎት ርዕሱ ዝርዝርም ገበታው ላይ ሳይነሳ አልቀረም። እኔ በዚህ አላምንም።

ሠላሳ በመቶ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

ማመልከቻው ገባ። ኢንግቪልድ ረቂቄ ላይ "እኛ" ያልኩትን ሁሉ በቀይ ሰርዛ "እኔ" ብላበታለች። "እኛ አስተዋልን" የሚለውን "እኔ አስተዋልኩ"፣ "ሐሳቡ መጣ" የሚለውን "አሰብኩ"። ገጹን ሳየው አፈርኩ። ገበያ መካከል የቆመች ለፍላፊ መሰልኩ። ስትወጣልኝ አንድ በአንድ ወደ "እኛ" መለስኩት። ትናደዳለች፣ ግን የኋላ ኋላ ታመሰግነኛለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ!! እማዬ ደረጃው ላይ ጮኸች። ጎረቤቶቹ ፖሊስ ሊጠሩ ነበር።

የክፍሌ ልጅ ኤማም ተጠርታለች። ካንቲን ተቀምጠን እርስ በርስ ተለማመድን። ኤማ ደግ ልጅ ናት፣ ግን ስታወራ ሰው ያሳቅቃል። "እኔ ሂደቱን መራሁ" አለች። የቱን ሂደት ስላት፣ ለቡድኑ የስብሰባ ክፍል የያዘችው እሷ ናት። "እኔ መፍትሔ አመነጨሁ።" ያመነጨችው መፍትሔ ሌላ ክፍል መያዝ ነው። ኖርዌጂያኖች "ማንም ከማንም አይበልጥም" ብለው ነው የሚያድጉት፤ ቃለ መጠይቅ በር ላይ ሲደርሱ ግን እንደ በረዶ ጫማ ደጅ አውልቀውት ይገባሉ።

ተራዬ ደርሶ መለስኩ። ኤማ አየችኝና "ሩቲ፣ ስለ ኢንግቪልድ ብዙ አወቅሁ። አንቺ ግን የት አለሽ?" አለች።

ምስኪን። በትዕቢት ስላደጉ ትህትናን አያውቁትም እኮ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ቃለ መጠይቁ አለቀ። እንደዛሬ ወጥቶልኝ አያውቅም! ሳልረሳ ሁሉንም ልጻፈው።

ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ረጅም ሰውዬ። ሰውዬው የዓርቡን ደም አንብቦ ኖሮ ፊቱ በርቷል።

"ይህ በጣም ደስ የሚል ግኝት ነው። ማን ነው ያስተዋለው?"

"ቡድናችን ነው" አልኩ።

"ከቡድኑ ግን መጀመሪያ ያየው ማነው?"

"ጥሩ አማካሪ ስላለችን ነው የታየው።"

"የራስን ደም ፍሪጅ የማስገባቱስ ሐሳብ?"

"ኢንግቪልድ ፈቀደች። የፍሪጁን ቁልፍ የሰጠን ቴክኒሻንም በጣም ተባባሪ ነበር።" እንዲያውም ስሙን ጠራሁላቸው፤ ሰው መረሳት የለበትም።

አንደኛዋ ሴት ጠንካራ ጎኔን ጠየቀችኝ። ከሌላው የተለየ ነገር የለኝም፣ ብዙ ሰው ደግፎኝ እዚህ ደረስኩ አልኳት። ከአማካሪሽ ጋር ባትስማሚስ ብላ ጠየቀች። አንጋጭም አልኳት። ሰውዬው ትንሽ ጻፈ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ የሚፈልገውን ሁሉ ስላገኘ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሌላኛዋ ሴት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ፣ "ሩቲ፣ ስለ ራስሽ ብቻ፣ ስለ አንቺ፣ የምትነግሪን ነገር አለ?" አለችኝ። እዚህ ላይ ነው ያበራሁት። ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰገንኩ፣ ጊዜያቸውን ስለሰዉልኝ አመሰገንኩ፣ እናቴን፣ መምህራኖቼን አመሰገንኩ፤ ስገባ በሩን ያሳየኝን ጥበቃ ጭምር አመሰገንኩ። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ልባቸው ተነክቷል።

ሰባ በመቶ። ሰባ ስል ራሴን እየገደብኩ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

የምስጋና ፕሮግራሙ ቀን ተቆረጠ። ኖቬምበር 16፤ ጂሙ ያን ዕለት እስከ ማታ ነፃ ስለሆነ።

"ፓስተር፣ መልሱ እኮ ገና አልመጣም" አልኳቸው።

"ልጄ፣ መልስ ከመጣ በኋላማ ማንም ያመሰግናል። እምነት ማለት ሳይመጣ ማመስገን ነው።"

በልጅነታችን ላም አለኝ በሰማይ ይባል ነበር። እኛ ላሟን አርደን ሥጋውን ልንከፋፈል ነው። ዶሮ ወጡን የሚሠሩት እህቶች ተመድበዋል። መዘምራኑ መዝሙር እያወጡልኝ ነው። እማዬ ጾም ይዛለች፤ ሲከየም ውስጥ ቆማ እየዋለች ውኃ እንኳን አትቀምስም። "እማዬ፣ ወድቀሽ አሮጊቶቹ እንዳያነሱሽ" ብላት "አንቺ ከገባሽ ልውደቅ" አለችኝ። ካልገባሁ ምን እንደምላት አላውቅም። ግን እገባለሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

የለም። ኢሜይል የለም። ሠላሳ ጊዜ ከፈትኩት። ጨለማው ከሰዓት ጀምሮ ነው። ኢንግቪልድ "ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ዓርቡ ደም ነገርሻቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "በደንብ" አልኳት። "ያንቺ መሆኑንስ?" ስልኩ እንደጠራበት ሰው ወጣሁ።

ሰባ የሚለውን ስልሳ አምስት ላድርገው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

አልገባሁም።

ማታ። አልቅሼ ጨረስኩ፤ አሁን እጽፋለሁ። ኢንግቪልድ ደውላላቸው ኖሮ የሆነውን ነገረችኝ። ፕሮጀክቱን ወደውት ነበር። ሦስቱም! ግን አመልካቿ ራሷ ምን እንደሠራች ማወቅ አልቻልንም አሏት። ምናልባት አማካሪዋ የሠራችውን ተሸክማ የመጣች ተማሪ ናት ብለው ነው የደመደሙት። ተሸክማ!

"ሁለት ዓመት እኔ ያላየሁትን አየሽ፣ ከዚያ ሄደሽ የኢንግቪልድ ነው አልሽላቸው" አለችኝ። ተቆጥታለች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። "ትህትና መስሎሽ ነው? ዋሽተሽ'ኮ ነው የመጣሽው ሩቲ።"

ዋሽተሽ አለችኝ። እኔን! እንደሷ ያለ ሰው ትህትናን… ናይ። እውነቷን ነው። በሚመጣው ዓመት እንደገና ማመልከት ይቻላል አለች። አልሰማኋትም ማለት ይቻላል።

ኤማ ገብታለች። አቅፋኝ ከኔ ይልቅ እሷ አለቀሰች። ልጠላት ሞከርኩ፣ አቃተኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ለእማዬ ልነግራት ነው። አሁን።

ጾሟን ፈታ በልታ ተኝታለች። ጠዋት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ጠዋት ኬኩ መጣ። "ዶ/ር ዶ/ር ሩቲ" ተብሎ በሰማያዊ ክሬም ተጽፎበታል። እማዬ ፍሪጁን ከፍታ ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች፣ እንደገና ትከፍተዋለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? ፈሪ ነኝ። ነገ ሳይጀመር በር ላይ እነግራታለሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

በር ላይ አልነገርኳትም። ፎቶ እያስነሳች ነበር።

ጂሙ ሞልቶ በቅርጫት ኳሱ መስመር ላይ ሁሉ ወንበር ተደርድሯል። እትዬ ፀሐይ ሳትቀር መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ፓስተር ዋለልኝ ጸለዩ፣ ከዚያ ማይኩ መጣ። "እህታችን ሩቲ እግዚአብሔር ያደረገላትን ትመስክር!"

የተለመደውን ልል ነበር። አፌ እንኳን ጀምሮት ነበር፤ "በቅድሚያ እናቴን…" አልኩና ቆምኩ። ፊት ወንበር ላይ እማዬን አየኋት። ከጾሙ የተነሳ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል።

"አልገባሁም" አልኩ። "ሐሙስ ዕለት ነው የነገሩኝ። አልተቀበሉኝም።"

ፓስተር ቀልጠፍ ብለው "ገና ነው እንጂ አልሆነም አትበሉ!" አሉ። "አሜን!" አለ ሕዝቡ። አንዲት እናት "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!" አሉ። ድግሱንማ እኛ ደግሰነዋል። እልልታው ቀለጠ፣ ከበሮው ተመታ። መውደቄን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድል አድርገውት አረፉ። ማይኩን መልሼ ብቀመጥ ሁሉም በሰላም ያልቅ ነበር።

አልመለስኩትም።

"አንድ ነገር ልጨምር" አልኩ። "ያልተቀበሉኝ ሥራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሥራው የኔ ነው። ሁለት ዓመት ትልልቅ ሐኪሞች ያላዩትን ስህተት እኔ ነኝ ያየሁት። እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ የራሴን ደም ቀድቼ እኔ ነኝ ያረጋገጥኩት። ማንም አልነገረኝም። ሲጠይቁኝ ግን የሌላ ሰው ነው አልኩ።"

አሜን ያለ የለም። አንድም። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀረ። አለመግባቴን በአንድ አፍ ይቅር ያለው ጂም "እኔ" ስል ደረቀ። ፓስተር ማይኩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና "እንግዲህ… ልባችን እንዳይታበይ እንጸልይ" አሉ። ስለ እኔ ነበር።

ምግቡን በሉ፤ ምግብ ምን አደረገ። ወረፋ ላይ ምግብ ከሚያድሉት አንዷ "ትዕቢት ይዟታል፤ ታዲያ እንዴት ትገባ?" ስትል ሰማሁ። ቀና ብዬ "እትዬ፣ ሳልታበይ ነው'ኮ የጣሉኝ" ልላት ፈለግሁ፤ ወጥ እየጨለፈችልኝ ስለነበር ተውኩት። እትዬ ፀሐይ ብቻ ጉንጬን ሳመችኝና "ጃንጥላውን አልሰረዝኩትም" አለችኝ። እማዬ ሰው እየመጣ ሲያጽናናት "ይመስገን" ብቻ ትላለች። አሳፈርኳት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጾሟ ላይ፣ አሳፈርኳት።

ወደ ቤት አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የተረፈው ምግብ በፌስታል ጭኗ ላይ ነው። ብዙ ማቆሚያ አለፍን። መስኮቱ ጨለማ ስለሆነ የሚታየው የራሳችን ፊት ነው።

"እማዬ፣ ይቅርታ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።"

ወደ መስኮቱ እንዳየች፣ "ያን የደም ነገር አንቺ ነሽ ያገኘሽው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"ታዲያ እዚያ ስትጠየቂ ለምን አላልሽላቸውም?"

"ትዕቢት መስሎኝ ነዋ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እማዬ ስታስብ እንዲህ ናት። ከዚያ እጄን ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከፊታችን የቤተክርስቲያን ሰዎች ተቀምጠው ነበርና።

"በሚመጣው ዓመት ንገሪያቸው" አለችኝ። "እኔ ነኝ በያቸው። ኃጢአቱን እኔ እጾምልሻለሁ።"